ሞተር ሳይክላችሁ እየጋለ የተቸገራችሁ፣ ይህን መካኒክ እወቁልኝ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። አንድ መካኒክ ሥራዬን መልሶልኛል፤ እያጋነንኩ አይደለም። የምተዳደረው በሞተር ሳይክሌ ዕቃ እያደረስኩ ነው። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከሄደችበት የቆመችበት ይበልጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይግላል። መንገድ ተዘጋግቶ ቀስ እያልኩ ስሄድ የሙቀት ምልክቱ ቦግ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ኩላንቱ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ይገነፍልና እግሬ ሥር ይጨሳል። ዳር ይዤ አጠፋለሁ፣ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ዕቃ የሚጠብቀው ሰው ይደውላል። ደግሞ ይደውላል። በኋላ መደወሉን ይተወዋል፤ እኔን የሚያመኝ ያ ነው፣ ምክንያቱም ያ ደንበኛ ሄደ።

እዚህ ሰው ጋ እስክደርስ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። አንዱ ችግሩን ተናግሬ ሳልጨርስ ቁልፍ አነሳ። ቴርሞስታት (የኩላንቱን መተላለፊያ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው) ነው አለ፣ ቀየረ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሸኘኝ። ብዙ ሳልርቅ ጋለች። ሌላው ደግሞ ኩላንት ምን ያደርጋል ብሎ የቧንቧ ውሃ ሞላበት። ከዚያ የባሰው ግን ቆሞ አየት አደረገና "ሞተሩ አልቋል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይከፈት" ያለኝ ነው። ሳይነካው! አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ! እና በየሄድኩበት የምሰማት አንዲት ነገር አለች፦ "አነዳድሽ ነው።" ሴት ስለሆንኩ ማርሽ አላውቅበትም ማለት ነው። በዚህች ሞተር ሳይክል ክረምት ከበጋ ሠርቼ ነው ቤቴን ያቆምኩት። እኔ ስናገር ፊታቸውን አጠገቤ ወዳለው ወንድ ያዞራሉ፤ እሱ እኮ የእሱን ሊያሠራ የመጣ ሌላ ደንበኛ ነው። ካወጣሁት ገንዘብ ይልቅ ይሄ አንገብግቦኛል።

ይህን መካኒክ የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስደርስ ሞተሩ እንደጋለ ነበር። አብሮት የሚሠራው ልጅ ፈጠን ብሎ የራዲያተሩን (ኩላንቱ የሚቀዘቅዝበትን) ክዳን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ያዘው። "ተው፣ ይብረድ።" ከዚያ ለልጁም ለእኔም አስረዳን። ውስጡ ታምቆ ስላለ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ግን እምቅታው ይለቅና በአንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይተፋል። እባካችሁ ይህችን እንኳ ያዙልኝ፤ ትኩስ ራዲያተር አትክፈቱ።

እስኪበርድ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጠየቀኝ። "የሚግለው ስትሄጂ ነው ስትቆሚ?" ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም! ስቆም ነው አልኩት፤ ክፍት መንገድ ላይ ስለቀው ሙቀቱ ይወርዳል። ፊቱ ወዲያው ፈካ አለ። "እንግዲያው ሞተርሽ አላለቀም" አለኝ። ስትሄጂ ንፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆሚ ግን ያንን ሥራ የሚሠራው ማራገቢያው ነው አለኝ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እፎይታ እንዴት ብዬ ልግለጸው?

ሲበርድ የነበረውን አፈሰሰው። የወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል፣ ዝገት ነው። አጥቦ ትክክለኛውን ኩላንት ሞላ፣ ውስጡ የቀረውን አየር አስወጣ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ እንደቆመች ተዋት። የሙቀቱ ቁጥር ወጣ፣ ወጣ፣ 100ን አለፈ። ማራገቢያው ጭጭ። አጠፋትና ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቦ ማራገቢያውን ነካ ሲያደርገው ዞረ! "እሱ ደህና ነው፣ መብራት አልደረሰውም" አለ። ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ። "ነይ እህቴ፣ አንቺም እዪው" ብሎ ባትሪ መብራቱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አበራሁለት። ከታንከሩ ሥር ሽቦው በብረት ተጨፍልቆ ልባሱ ተገሽልጧል፣ መዳቡም አረንጓዴ ሆኗል። ከዚህ በፊት የፈታው ሰው መልሶ ሲገጥም ጨፍልቆታል። በቃ ይሄው ነው! ይህች ሽቦ ናት "ሞተሩ አልቋል" ያስባለችው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ሌላም ያለኝ ነበር፣ እሱን ግን ልድገመው ብል አልችልም። ሽቦውን ቀጥሎ በደንብ ሸፈነው፣ በሌላ በኩል አሳልፎ አሰረው። ሥራው አለቀ ስል ደግሞ ራዲያተሩ ላይ አጎነበሰ። በስስ ክንፎቹ መሃል የደረቀ ጭቃ ተጠቅጥቋል። ጉልበት ያለው ውሃ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል ብሎ ከኋላ በኩል ቀስ ብሎ አጠበው። የተጣመሙትን በቀጭን ብረት አንድ በአንድ አቃና። አልጠየቅሁትም። ሌላ ሰው እየጠበቀው ነበር፣ እሱ ግን አልቸኮለም።

ቁልፉንም ዝም ብሎ አልሰጠኝም። እንደገና አስነሳትና አብረን ጠበቅን። ማራገቢያው በራሱ ተነስቶ ሲዞር "ሰማሽ?" አለኝ። ሰማሁ! እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም። ያስከፈለኝ ለሠራው ብቻ ነው። ከዚያም ቀናት ቆይቶ "እንዴት ሆነች?" ብሎ ደወለ። ሒሳቡን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ ማን ይደውላል?

አሁን የተዘጋጋ መንገድ ላይ ቆሜ አልሳቀቅም። ማራገቢያው ይነሳል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ እኔም መንገዴን እቀጥላለሁ። ትተውኝ ከሄዱት ደንበኞች አንዳንዶቹ ተመልሰዋል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ያከበርከኝ አክብሮት ከጥገናው እኩል ነው። እናንተም ሞተሩ ይከፈት ከመባሉ በፊት እሱ ጋ ውሰዱት፣ እባካችሁ ውሰዱት። በተለይ እህቶቼ፣ የምትናገሩትን ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማ መካኒክ አለ። ስልኩን እዚህ ያላስቀመጥኩት ስላላስፈቀድኩት ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ወረፋ ስላለው በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ መቼ መቼ እንደሚግልም አስተውላችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።