ማውሱን ያልነካችው ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ምስጋናን በሆድ ይዞ መቆየት ዕዳ ስለመሰለኝ ነው። በድርጅታችን የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ፣ ለዓመታት ሲያሰቃየኝ የኖረውን የኢሜይልና የጽሑፍ ሥራ ጣጣ በሁለት ቀን ውስጥ አቃልላልኛለች። ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ አልጠራም፤ ባልደረቦቼ ግን ስለ ማን እንደምናገር ለማወቅ አትቸገሩም፤ ወረፋ ይዛችሁም ቢሆን እንድታነጋግሯት አጥብቄ እመክራለሁ። ከድርጅታችን ውጭ ያላችሁም እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤታችሁ ካለ ፈልጉት።

የእኔ ሥራ ሪፖርት መጻፍ ነው። ገና ሁለት መስመር እንደጻፍኩ በስክሪኑ የታችኛው ጥግ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፤ ድምፅ ታሰማለች፤ እኔም እሷን ተከትዬ እሄዳለሁ። ስመለስ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር እንደተንጠለጠለ ይጠብቀኛል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ነገር የባሰ ይመስለኛል፤ ማሰሪያ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን ደርድሮ መሐል ላይ የተቋረጠ ሰው ሲመለስ ምን ሊል እንደነበረ የሚያስታውሰው አንድም ቃል ገጹ ላይ አያገኝም። ሁለት ገጽ የማይሞላ ሪፖርት አራት ቀን ሲፈጅብኝ፣ ዕድሜዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። የአንድ ሪፖርት ረቂቅ ለባልደረባዬ ልልክ የስሙን የመጀመሪያ ፊደሎች ስጽፍ፣ ኢሜይሉ ራሱ የሞላልኝን አድራሻ ሳላስተውል ተቀብዬ ላክሁት። የደረሰው ግን ስማቸው በዚያው ፊደል ለሚጀምረው ለኃላፊዬ ነበር። በረቂቁ ውስጥ ደግሞ በቀይ ቀለም «ይህ የኃላፊው ሐሳብ ትርጉም አይሰጥም፤ በትሕትና ይታለፍ» የሚል ማስታወሻ ነበረበት። እርሳቸው እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ጉዳዩ ምንም ትንፍሽ አላሉም፤ እኔ ግን ለሳምንታት በደረጃው ላይ ድምፃቸውን ስሰማ መንገድ እቀይር ነበር።

እርዳታ ሳልጠይቅ የኖርኩ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ፣ አሠልጣኙ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ሲያነብልን ውሎ፣ ጥያቄ ስንጠይቅ «እሱ በሚቀጥለው ደረጃ ላይ ይመጣል» እየተባልን ተመልሰናል፤ የሚቀጥለው ደረጃ የሚከፈልበት መሆኑን ያወቅነው በመጨረሻ ነው። ሌላ ባለሙያ ደግሞ «ትኩረት ይሰበስባሉ» ያላቸውን ሦስት አፕሊኬሽኖች ጭኖልኝ ሄደ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ድምፅ ትኩረቴን እንድሰበስብ ያስታውሱኝ ጀመር። በጣም ያንገበገበኝ ግን ማውሱን ከእጄ ነጥቆ፣ እንደ መብረቅ ወዲያና ወዲህ ብሎ፣ «አለቀ፤ ቀላል እኮ ነው» ያለኝ ሰው ነው። ምን እንዳደረገ አላየሁም፤ በማግስቱ ግን የቆዩ መልእክቶቼ የት እንደገቡ ጠፍተውኝ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። «ቀላል ነው» የሚለው ቃል ለማያውቅ ሰው ስድብ መሆኑን እነዚህ ሰዎች መቼ እንደሚረዱት እንጃ።

ይህች ልጅ ስትመጣ የመጀመሪያ ንግግሯ «ጋሼ፣ ምንም አልነካም፤ እርስዎ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ፣ እኔ ልይ» የሚል ነበር። ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብላ፣ ከጽሑፌ ወጥቼ ወደ ሌላ ነገር በሄድኩ ቁጥር በወረቀት ላይ አንዲት ጭረት ታሰፍር ነበር። ሲያበቃ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ አሥራ ሰባት ጭረት። ተሸማቅቄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሲጠሩት ዞር የማይል ሰው የለም፤ እኛ ጠሪዎቹን ነው ዝም የምናሰኛቸው» አለችኝ። ያን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ ያደረገው የእኔ እጅ ነው። እሷ በጣቷ ትጠቁማለች፤ እኔ እጫናለሁ፤ ስሳሳት ትጠብቀኛለች። በመጀመሪያ የኢሜይሉን ማሳወቂያ ድምፁንም ሳጥኑንም ዘጋን። አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ ብዬ ስከራከራት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በመረብ መልእክት ሲልክ፣ መልእክቱ ተቀባዩ እስኪመጣ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ እንዲጠብቅ ሆኖ እንደተሠራ ነገረችኝ፤ የተጠቃሚውን ስም ከማሽኑ ስም ለመለየት «አት» የምንለውን ምልክት የመረጠውም እርሱ ነው። «ኢሜይል መጠበቅ ይችላል፤ የማይጠብቅ ጉዳይ ያለው ሰው ይደውላል» አለችኝ። አሁን የመልእክት ሳጥኑን የምከፍተው ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከመውጣቴ በፊት ነው። እስካሁን በዚህ ምክንያት የጠፋ ጉዳይ የለም። በየቀኑ ይጎርፉ የነበሩት የማስታወቂያ መልእክቶችም ፊልተር በሚባለው ነገር አማካይነት በራሳቸው ወደ ሌላ ፎልደር ይሄዳሉ፤ እንዴት እንደሚያውቃቸው አትጠይቁኝ።

ለጽሑፉ አዲስ ፕሮግራም የምትጭንብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «በእጅዎ ያለውን ሳንጨርስ ሌላ አንፈልግም» ብላ፣ ስጽፍበት በኖርኩት ወርድ ውስጥ ፎከስ የሚባል አማራጭ መኖሩን አሳየችኝ። እሱን ስጫን ከላይ የተደረደሩት ምልክቶች በሙሉ ጠፍተው ነጩ ገጽ ብቻ ቀረ፤ ለመውጣት ኢስኬፕ የሚባለውን ቁልፍ መጫን ነው። በብሮውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚከፈትበት ፕሮግራም፣ ለሚጽፉ ደግሞ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 11 የሚለው ቁልፍ ስክሪኑን ሙሉ ያደርገዋል። ወርድ ለሌለው ሰው ፎከስራይተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም እንዳለም ነግራኛለች፤ እኔ አልሞከርኩትም። ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው፤ ያ ባዶ ገጽ ፊቴ ሲመጣ፣ ወረቀት አስገብቼ ከመጻፍ በቀር ሌላ የማደርገው ያልነበረኝን ዘመን አስታወሰኝና ትንሽ ዝም አልኩ። እሷም አላቋረጠችኝም።

በሁለተኛው ቀን ነው ስለዚያ ስለ ኃላፊው ኢሜይል የነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ፈገግ እንኳ አላለችም። «አድራሻውን ለምን መጀመሪያ ይጽፉታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ፖስታ ላይ አድራሻ አስቀድመን ስለምንጽፍ ይሆናል እንጂ፣ አስቤበት አላውቅም። አድራሻ የሌለው ኢሜይል ቢፈልጉም አይሄድም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉ፣ ቀጥሎ አባሪው፣ በመጨረሻ አድራሻው። በዚያ ላይ ኢሜይል በምልክበት በጂሜይል ቅንብር ውስጥ ገብተን፣ የተላከን መልእክት ለመሰረዝ የሚሰጠውን ጊዜ ከ5 ሰከንድ ወደ 30 ሰከንድ አሳደግነው። ለራሷ ሦስት ጊዜ ኢሜይል አስልካኝ፣ ሦስቱንም አስሰረዘችኝ። ሦስተኛው ላይ ሳልቸኩል፣ ጽሑፉን አንብቤ፣ በሃያኛው ሰከንድ ገደማ ሳስቀረው «በቃ፣ ይህን ሰው ማንም አያስደነግጠውም» ብላ ሳቀች። አውትሉክ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም የምትሠሩ ደግሞ፣ በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው በቀድሞው ዓይነት፣ መልእክት ከመውጣቱ በፊት እስከ 120 ደቂቃ እንዲቆይ የሚያደርግ ደንብ ማውጣት እንደሚቻል ጠይቋት፤ ታሳያችኋለች።

በዚህ ሁሉ መሐል ማውሱን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካችም። ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይጠራት መጥታ፣ እንደገና ወንበር ስባ፣ እንደገና ለግማሽ ሰዓት ጭረቷን ቆጠረች። አራት ሆነ፤ አንደኛው እሷን ለማየት ዞር ያልኩበት ነው።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ሂዱና ጠይቋት። የምታፍሩበትም ጉዳይ ቢሆን ንገሯት። እኔ ይህን ጽሑፍ በዚያ በነጭ ገጽ ላይ በአንድ ጠዋት ጨርሼ፣ አድራሻችሁን መጨረሻ ላይ አስገብቼ ላክሁላችሁ። ላክ የሚለውን ከተጫንኩ በኋላ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ሳነብ፣ አልጠራም ያልኩት ስሟ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። መልሼ ሳስቀረው ከሠላሳው ሰከንድ ገና ግማሹ እንኳ አልሄደም ነበር።