ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ለሚቀመጡት እትዬ ምስጋና ይድረስልኝ

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለምትኖሩ፣ ሳይንስ የሚወድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላላችሁ ወላጆች ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች «አባዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ እውነተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ገብቼ መሥራት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የታክሲ ሹፌር ነኝ። ቤተዝዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም በር ላይ ስንት ተመራማሪ እንዳወረድኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ነገሩ ቀላል መሰለኝ፤ ከተሳፋሪዎቼ አንዱን ብጠይቅ ያልቃል አልኩ። አንዱን ጠየቅሁት። «ድረ ገጹ ላይ አለ» ብሎኝ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የደረሰብንን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። አንድ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም። ልጅዎን ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋር እናገናኛለን ብለው 2,800 ዶላር ተቀበሉኝ። ስንት ሌሊት ነድቼ ያጠራቀምኩት ገንዘብ መሰላችሁ! ልጄ ያገኘችው በሳምንት አንድ ቀን በኮምፒውተር የሚደረግ ስብሰባና መጨረሻ ላይ ዳር ዳሩ ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ነው። አንድ ብልቃጥ እንኳን በእጇ አልነካችም። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ልጥለው አስብና 2,800ው ትዝ ይለኛል።

የእኛው ሰውም አለበት። «ልጅህ ልጄ ናት፣ እዚያ ቤት የማላውቀው ሰው የለም» ብሎ ቃል የገባልኝ ወዳጅ ሦስት ወር ስልኬን አላነሳም። በኋላ ክርስትና ላይ ተገናኘን፤ ሲያየኝ ሳህኑን እንደያዘ ወደ ጓዳ ገባ። ትምህርት ቤትም ስንጠይቅ «ገና ልጅ ናት፣ ምን አስቸኮላት» ተባልን።

ልጄ ተስፋ ቆርጣ ራሷ መጻፍ ጀመረች። ለ62 ፕሮፌሰሮች ጻፈች። የመጣላት መልስ አንድ ነው፤ እሱም «ለእረፍት ወጥቻለሁ» የሚል፣ ማሽን የላከው። አንድ ሌሊት ከሥራ ስገባ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። «አባዬ፣ ስሜን ማንበብ ስለሚከብዳቸው ይሆን?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሻይ አፈላሁላት።

እትዬን የጠቆመችን እንጀራ የምንገዛባት ሴት ናት፤ እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት። እትዬ አገር ቤትም እዚህም ላብራቶሪ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ለብዙ ዓመታት የላብራቶሪ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ዕቃ የሚያዙት፣ ቁልፍ የሚይዙት፣ አዲስ ሰው ሲመጣ የሚያሠለጥኑት እሳቸው ነበሩ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠረጴዛ ይዘው የሌላ ሰው ልጆች ይረዳሉ። በነጻ!

ስንቀርብ ስለ ውጤቷ ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልደትሽ መቼ ነው?» ሆነ። እኔ ፈጥኜ «የሐምሌ ሥላሴ ዕለት» አልኩ። ሳቁ። «ወንድሜ፣ በፈረንጁ ንገረኝ» አሉኝ። ጁላይ 14። ቀጥሎ «ግሪን ካርድ ናችሁ ወይስ ዜጋ?» አሉ። ግሪን ካርድ። ከዚያ ልጄ የያዘችውን የፕሮግራሞች ዝርዝር ወስደው በቀይ እርሳስ ይሰርዙት ጀመር። «ይህ ሲጀመር 17 ዓመት የሞላው ይላል፤ አንቺ ሰኔ ላይ ገና 16 ነሽ። ይህ 18 ይላል። ይህ የባሕር ኃይሉ የ8 ሳምንት ፕሮግራም በዕድሜ ይቀበልሽ ነበር፤ ግን ከጥቂት ቦታዎች በስተቀር ዜግነት ይጠይቃል፤ ማመልከቻውም የሚዘጋው በመኸር ነው።» እኛ በየዓመቱ ማመልከት የምንጀምረው በግንቦት ነበር! በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከ14 ፕሮግራሞች 9ኙ ተሰረዙ። ሁለት ዓመት ሙሉ በር መስሎን ግድግዳ ስናንኳኳ ኖረናል፤ ይህን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

የተረፈውንም አሳዩን። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ያለው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲዘጋ የሚያካሂደው ፕሮግራም በኮምፒውተር ለሚሠራ ምርምር 15 ዓመት፣ ኬሚካል ለሚነካበት ላብራቶሪ 16 ዓመት ይበቃዋል። ስለ 2,800ው ስነግራቸው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። በፈረንጆች ከ1984 ጀምሮ ያለውና አሁን ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚካሄደው ስመ ጥሩው የምርምር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተመርጦ ለገባ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም አሉኝ። ትልቁ የማይጠይቀውን ገንዘብ ትንሹ ወሰደብኝ ማለት ነው። ያን ቀን ብበላም አልጠገብኩ።

ደብዳቤዋን አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «የኔ ልጅ፣ ይህ እኮ የሠርግ መጥሪያ ነው፤ የሚቀያየረው ስም ብቻ ነው» አሏት። ልጄ በስንት ወሯ ሳቀች።

ሦስት ቅዳሜ አብረዋት ተቀምጠው አንድ የምርምር ጽሑፍ መስመር በመስመር አስነበቧት። እኔ ጎን ያለ ወንበር ላይ ተኝቼ ነበር፤ ምን እንደተባለ አትጠይቁኝ። በመጨረሻ ሰባት መስመር ደብዳቤ ወጣ። በዚያ ውስጥ ስለ ጽሑፉ አንድ ጥያቄ፣ ዕድሜዋ፣ የሚመቻት ቀን፣ አባቷ እንደሚያደርሳት፣ ብልቃጥ ማጠብም እንደማትንቅ ተጽፏል። የላኩትም ለአምስት ትንንሽ ላብራቶሪዎች ብቻ ነው፤ «ዝነኛውን ተዪው፣ ጊዜ የለውም» ብለው። ሁለቱ መለሱ። አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠራት።

የማልረሳው ግን የቃለ መጠይቁን ጠዋት ነው። ስልክ ደወሉ። «ምን ጫማ አድርጋለች?» አሉኝ። አየሁ፤ እናቷ ለዚሁ ቀን የገዛችላት አዲስ ነጠላ ጫማ። «አስወልቃት! እግር የሚሸፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ፀጉሯንም ትሰብስብ፤ ላብራቶሪውን ላሳይሽ ካሏት በነጠላ ጫማ አያስገቧትም።» እንዳሉትም ሆነ፤ ተነሽ ላሳይሽ አሏትና ገባች። ያቺን ስልክ ባይደውሉ ልጄ በር ላይ ቆማ ትቀር ነበር። የራስ እህት እንኳን ይህን ታስባለች?

አሁን ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። የምትሠራው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው። የዓይናቸውን ቀለም እያየች ትለያለች፣ ትቆጥራለች፤ ከዚህ በላይ አልገባኝም። ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ በስልክ ብነግራት «አሜሪካ ድረስ ወስደሃት ዝንብ ታስቆጥራታለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። የዝንቦቹ ምግብ በቆሎና እርሾ ያለበት ነው መሰለኝ፤ ማታ ስመልሳት መኪናዬ የጠላ ጥንስስ ጥንስስ ይሸታል። ተሳፋሪ ጠጥቷል እንዳይለኝ መስኮት ከፍቼ ነው የምነዳው።

ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ወደ እትዬ ውሰዱ። ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት ውሰዱ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የት እንደሚገኙ እነግረዋለሁ። ስትሄዱ የልጁን ትክክለኛ የልደት ቀን በፈረንጁ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ዓይነትና እስካሁን ያመለከተበትን ዝርዝር ያዙ። ገንዘብ አትያዙ። እኔ ፖስታ ይዤ ሄጄ በሰው ፊት ተቆጥተውኛል፤ የተቀበሉኝ ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ብቻ ነው፣ እሱንም እዚያው ቆርሰው ለልጆቹ አካፈሉት።

እትዬ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።