ለአሮጌ ፔንቲየም 3፦ ዴቢያን ወይስ ኔትቢኤስዲ?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ጥግ ላይ የተከመሩት ፔንቲየም 3 ኮምፒውተሮች 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነው ያላቸው። ቆሻሻ አይደሉም፤ ትክክለኛው ሲስተም ከተጫነባቸው ይሠራሉ።

ሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዴቢያንን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፣ ሲያስቸግር የሚጠየቅ ይገኛል። ችግሩ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 እንደ ፔንቲየም 3 ላሉ 32 ቢት ፒሲዎች ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) መጫኛም የለውም። የሚቀረን 12ኛው ነው፤ እሱም በዚህ ሜሞሪ ላይ በመስኮትና በአይከን የሚሠራ ግራፊክስ ሲከፈትበት ይንፏቀቃል።

ሌላው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኔትቢኤስዲ 10 ግን ከፔንቲየም በፊት ከነበረው 486 ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ዛሬም ይደግፋል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ አሠራሩ ነው፦ ቢልድ ዶት ኤስኤች የተባለው ስክሪፕት በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ኮምፓይለሩን (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ፕሮግራም) ራሱን ይሠራል፣ ከዚያ ከርነሉንና ቀሪውን ሲስተም ለአሮጌው ማሽን ያዘጋጃል። ድራይቨር (ሃርድዌርን የሚያሠራ ኮድ) አስተካክሎ እንደገና መገንባት ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ቢሆን ሥራው መሀል ላይ ይቋረጥ ነበር።

በአንድ ነገር ዴቢያን ይበልጣል። ኮንሶሉ (በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው ስክሪን) የግዕዝ ፊደል ፎንት አለው፣ ያለ ግራፊክስ አማርኛ ይነበብበታል። ለጽሕፈት ሥልጠና ዴቢያን 12ን እመርጣለሁ፤ ሲስተም መገንባት ለሚማሩት ኔትቢኤስዲን፣ ያለ ማመንታት።