የመዝናኛ ፓርክ «ትምህርታዊ» ቅናሽ ወይስ የሳይንስ ሙዚየም አባልነት? ለወላጆች የቀረበ ንጽጽር

በአሜሪካ የሚገኙ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ከመደበኛው የመግቢያ ትኬት ጎን ለጎን ለተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ቤተሰቦችና ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በቅናሽ የሚሸጧቸው ፕሮግራሞች አሏቸው። «የትምህርት ቀን»፣ «የፊዚክስ ቀን»፣ «የሆምስኩል ቀን»፣ ወርክሾፕ ወይም ካምፕ እየተባሉ ይጠራሉ። ማስታወቂያውን ያየ ወላጅ «ልጄ እየተዝናና ይማራል፤ ዋጋውም ቀንሷል» ብሎ ለመመዝገብ ቢቸኩል አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ከመክፈል በፊት የተቀነሰው የትምህርቱ ዋጋ ነው ወይስ የበሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአብዛኛው የሚቀነሰው የመግቢያው ዋጋ ሲሆን፣ ትምህርቱ ግን ወይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል፣ ወይም በአንድ የመልመጃ ወረቀት ተወስኖ ማስተማሩ ለመምህሩና ለወላጁ ይተዋል።

በይዘት ረገድ ከሁሉም የተሟላው የዲዝኒ ፕሮግራም ነው። ቀድሞ በሌላ ስም ይታወቅ የነበረው የተማሪዎች ፕሮግራም በ2022 «ዲዝኒ ኢማጂኔሽን ካምፓስ» ተብሎ እንደ አዲስ የተዋቀረ ሲሆን፣ በኪነ ጥበባት፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሁም በአመራር ዙሪያ ወርክሾፖችን ያቀርባል፤ ለተማሪዎች የሚሸጠው የፓርክ ትኬትም ከመደበኛው ያነሰ ነው። በዚህ ፕሮግራም ትምህርቱ ለስም ያህል የተጨመረ አይደለም፤ የሚያስተምር ሰው ከልጆቹ ጋር ሆኖ ይመራቸዋል፣ ይጠይቃቸዋል። እንቅፋቱ ለቡድን የታሰበ መሆኑና ቢያንስ 10 ሰው መጠየቁ ነው፤ ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለብቻው በቀላሉ አይገባበትም። ይህ ሁኔታ ለብዙዎች መሰናክል ቢሆንም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ግን ያን ያህል አይከብድም፤ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጽዋ ማኅበር አሥር ልጅ ለማሰባሰብ ሁለት ስልክ ቢደውል ይበቃዋል።

ቡድን ያልሞላለት ቤተሰብ በኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ባለው የዲዝኒ ኤፕኮት ፓርክ ውስጥ ባሉት የዕፅዋት ማሳደጊያ ቤቶች የሚደረገውን የአንድ ሰዓት የእግር ጉብኝት ቢመለከት ይሻለዋል። ያለ አፈር የሚበቅሉ አትክልቶችንና የዓሣ እርባታን በቅርብ ያሳያል፤ ዋጋው ከፓርኩ መግቢያ በተጨማሪ በነፍስ ወከፍ 40 ዶላር ገደማ ነው። በእኔ ግምት ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡና ገበሬ ቤት ያደጉ አያት ካሉ፣ ከልጆቹ ይልቅ እርሳቸው ይደሰቱበታል፤ ልጆቹም ከአስጎብኚው የማይሰሙትን ከእርሳቸው ይሰማሉ። ያም ሆኖ ለዚህ ጉብኝት ብቻ ተብሎ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ የአንድ ቀን ትኬት መግዛት አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ፓርኩን ለማየት አስቀድሞ ለወሰነ ሰው ነው።

ዋጋቸው ዝቅ ያለው «የፊዚክስ ቀን» የሚባሉት ናቸው። ብዙውን ጊዜ በኤፕሪልና በሜይ፣ በሥራ ቀናት፣ ለትምህርት ቤት ቡድኖች ይዘጋጃሉ፤ ተማሪዎች ሮለር ኮስተሩን (በከፍታና በቁልቁለት ሐዲድ ላይ የሚሮጠውን ሰረገላ)፣ የሚሽከረከሩትን መቀመጫዎችና ትልቁን ተሽከርካሪ ጎማ እየለኩ ስሌት ይሠራሉ። ይህ ዓይነቱ ቀን ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ምን ያህል እንደሚያስተምር አንድ ምሳሌ እንይ። በቨርጂኒያ ግዛት ከሪችመንድ ከተማ በስተሰሜን 20 ማይል ገደማ ርቆ በሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን ፓርክ፣ በ2010 የተከፈተ 305 ጫማ ቁመት ያለው ሮለር ኮስተር አለ፤ የመጀመሪያው ቁልቁለቱ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከፍታ ላይ ያለው ጉልበት በሙሉ ወደ ፍጥነት ይለወጣል ብሎ ቢያሰላ፣ 2 ሲባዛ በ9.8 (የመሬት ስበት መጠን) ሲባዛ በ91 ወደ 1784 ይሆናል፤ የዚህ ቁጥር ካሬ ሥር በሰከንድ 42 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 152 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጠዋል። ፓርኩ የሚያሳውቀው ፍጥነት ግን በሰዓት 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ነው። ሰባቱ ኪሎ ሜትር የት ገባ? በዋናነት ነፋስና ሰበቃ ወስደውታል። በሰረገላው ስንት ሰው እንደተሳፈረ በስሌቱ ውስጥ ያልተነሳውስ ለምንድን ነው? ክብደት ከእኩልታው ሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ራሱ ያነሳ ልጅ ለትኬቱ የወጣውን ገንዘብ አስመልሷል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ጥያቄዎቹ በራሳቸው አለመምጣታቸው ነው። መምህሩ አስቀድሞ በክፍል ውስጥ ካላዘጋጃቸው፣ ልጆቹ የመልመጃውን ወረቀት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ በችኮላ ሞልተው ቀኑን በሙሉ ሰልፍ ላይ ያሳልፉታል፤ ያ ደግሞ ቅናሽ ያለው የመዝናኛ ቀን እንጂ የፊዚክስ ቀን አይደለም። ስልክን እንደ መለኪያ ለመጠቀም ያሰበም ቢሆን ብዙ ፓርኮች በፈጣኖቹ ላይ ስልክ በእጅ ይዞ መሳፈርን እንደሚከለክሉ ይወቅ። ማዕዘን መለኪያ፣ ክርና የሰዓት ቆጣሪ ያለው ወላጅ መሬት ላይ ቆሞ የተሽከርካሪውን ጎማ ቁመትና የአንድ ዙር ጊዜ ከልጁ ጋር መለካት ይችላል፤ ይህን ደግሞ በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ትኬት ማድረግ ይቻላል።

ስለ ምግብም ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሒሳቡን የሚያዛባው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና። ዲዝኒ ከቤት የተሰነቀ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል፤ ኪንግስ ዶሚኒየንና በዚያው ኩባንያ ሥር ያሉት ሌሎች ፓርኮች ግን በመደበኛው አይፈቅዱም። ፋሲካ በሚዘገይበት ዓመት፣ ለምሳሌ ሜይ 2 በሚውልበት በ2027፣ የኤፕሪሉ የትምህርት ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል፤ የሚጾም ልጅ ደግሞ በፓርኩ ምግብ ቤት ከተጠበሰ ድንች ብዙም የዘለለ አያገኝም። በትኬቱ ላይ የተገኘው ቅናሽ በምሳና በመኪና ማቆሚያ ተመልሶ መሄዱ የተለመደ ነው።

ሲክስ ፍላግስ የተባለው የመዝናኛ ፓርኮች ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ሲያካሂደው የቆየው የንባብ ፕሮግራም ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሥራው ውጭ ለ6 ሰዓት መጽሐፍ ካነበበና መምህሩ ካስመዘገበው ነጻ ትኬት ያገኛል። በዚህ ውስጥ ትምህርቱ ቤት ያልቃል፤ ፓርኩ ሽልማት ብቻ ነው። በእኔ እይታ ከሁሉም ግልጽ የሆነው አሠራር ይህ ነው። ሆኖም ትኬቱ የልጁ ብቻ ነው፣ ወላጅ ይከፍላል፤ በተወሰኑ ቀናት ውስጥም መጠቀም ግድ ይላል። በሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ስለተዘጋ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ በዚህ ስም የሚጠራው ቅርቡ ፓርክ ኒው ጀርሲ ነው። ለአንድ ነጻ ትኬት ያን ያህል መንዳት ቅናሽነቱን ያጠፋዋል።

የፍሎሪዳ ነዋሪዎች ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ሲወርልድ የተባለው የባሕር እንስሳት ፓርክ የሚሰጠውን ነጻ የዓመት ካርድ ቢወስዱ አይጎዱም፤ ከተወሰነ ቀን በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል፣ አዋቂው ግን ትኬት ይገዛል። የፓርኩ ሰመር ካምፖች ከእንስሳት ጋር ለመሥራት ለሚመኝ ልጅ ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከሌላ ካምፕ ጋር ተነጻጽሮ እንጂ ከትኬት ጋር ተነጻጽሮ መታየት የለበትም። የእንስሳቱ አያያዝ የሚያሳስባቸው ወላጆችም አሉ፤ ኩባንያው ኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ) ማራባትን በ2016 ቢያቆምም የቀሩትን ማሳየቱን አላቆመም።

በሌላው ወገን ያለው የሳይንስ ሙዚየም አባልነት ነው። አንድ ቤተሰብ በአካባቢው ካለ የሳይንስ ማዕከል የዓመት አባልነት ቢገዛና ማዕከሉ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከላት ማኅበር የፓስፖርት ፕሮግራም ውስጥ ካለ፣ በሌሎች ከተሞች ባሉ አባል ማዕከላት በነጻ ይገባል፤ ከመኖሪያው በ90 ማይል ክልል ውስጥ ያሉት ግን አይካተቱም። የምግብ ድጋፍ ካርድ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከ1000 በሚበልጡ ሙዚየሞች እስከ አራት ሰው ድረስ በነፍስ ወከፍ ከ3 ዶላር ባልበለጠ ወይም በነጻ መግባት ይችላል፤ ለዚህ ካርዱንና መታወቂያ ማሳየት ይበቃል፤ ብዙ ቤተሰቦች ግን ይህን መብት ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። በዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የአየርና ሕዋ ሙዚየም የሚያስከፍለው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ሲሆን እርሱም 15 ዶላር ነው። አምስት ሰው የያዘ መኪና በዚህ ዋጋ ዲስከቨሪ የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር በአካል አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ ልጁ ከ10 ዓመት በታች ከሆነና የሚፈለገው ትምህርት ከሆነ ሙዚየሙ ያሸንፋል፤ ተመልሶ መሄድ ስለሚቻል ልጁ የወደደው ክፍል ላይ ሰዓት ቢፈጅ ማንም አይቆጭም። ፓርክ ውስጥ ግን የተከፈለበት ቀን እየሮጠ ስለሆነ ወላጁም ይቸኩላል። ልጁ የሰባተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ከሆነና የሚያዘጋጀው መምህር ካለ፣ የፊዚክሱ ቀን ከማንኛውም ሙዚየም የማያገኘውን ይሰጠዋል፤ በስሌት ያገኘውን ፍጥነት በገዛ አካሉ ይሰማዋል። አሥር ልጅ ያሰባሰበና ወደ ኦርላንዶ መሄዱን አስቀድሞ የወሰነ ቡድን የዲዝኒውን ወርክሾፕ ይጨምር። «ሆምስኩል ቀን» የሚባሉት ግን ብዙውን ጊዜ ሰው በማይበዛበት ወቅት ከሚሸጥ ርካሽ ትኬት ብዙም አይለዩም፤ በሥራ ቀን መሄድ የሚችል ቤተሰብ ስለ ሰልፉ ማጠር ብሎ ቢገዛቸው እንጂ ስለ ትምህርቱ ብሎ ባይሆን ይመረጣል።

ለማንኛቸውም ቢሆን ከመክፈል በፊት የዕለቱ የመልመጃ ወረቀት እንዲላክ መጠየቅ፣ አስተማሪ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ዝናብ ቢጥል ትኬቱ ለሌላ ቀን ይተላለፍ እንደሆነም በጽሑፍ ማግኘት ይገባል። ወረቀቱን አስቀድሞ ለመላክ ያንገራገረ ፓርክ እየሸጠ ያለው መግቢያ ብቻ ነውና፣ በዚያ ዋጋ ከመደበኛው የኦንላይን ትኬት ጋር አወዳድሮ መወሰን ነው።