የሕክምና ሥዕል፦ ማስተርስ ወይስ በራስ ጥረት?

አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ሠዓሊ (የሰውነት ክፍሎችንና ሕክምናን በሥዕል የሚያስረዳ ባለሙያ) መሆን ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ።

ማስተርስ፦ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ኃላፊ የጀርመን ተወላጁ ማክስ ብሮደል ነበር። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ክፍያው ወገብ ይሰብራል። መግቢያውም ጠባብ ነው፤ ባዮሎጂም ፖርትፎሊዮም (የሥዕል ሥራዎችህ ስብስብ) ይጠይቃል። ግን አስከሬን ራስህ ከፍተህ፣ ጅማቱ አጥንቱን የት ጋ እንደያዘ አይተህ ትስላለህ። ይህን ዩቲዩብ አይሰጥህም።

በራስ ጥረት፦ የመሳያ ታብሌት፣ የአናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር) መጽሐፍና ትዕግሥት። ወጪው ቀላል ነው። አደጋው? ነርቩን አሳስተህ ብትስል የሚያርምህ የለም። ደንበኛም ራስህ ነህ የምታስሰው።

ለቀዶ ሕክምና መማሪያ ወይም ለፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሆን ሥዕል ካሰብክ ማስተርሱ ያዋጣል። ለልጆች መጽሐፍና ለጤና ፖስተር ግን፣ እኔ ብሆን ዕዳ ውስጥ አልገባም። ሐኪም ጓደኛ ካለህማ ግማሹ ተቃለለ።