የልጄን የሂሳብ አስጠኚ ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ቤተሰብ። ገርጂና አካባቢው ሆናችሁ የሂሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ ወላጆች ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ልጄ አስረኛ ክፍል ናት። አምና አልጀብራ እጅ እግሯን አሳጥቷት ነበር። ኳድራቲክ ፎርሙላን (የማይታወቀው ቁጥር ካሬ ያለበትን እኩልታ መፍቻ ቀመር) እንደ ዳዊት ትደግመዋለች፣ ከየት እንደመጣ ስትጠየቅ ግን ዝም። ጎረቤት ጠቁሞን ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር አገኘን። ልጄ «ጋሼ» ነው የምትላቸው።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ፎርሙላውን ማስተው ነው። አንድ ጥያቄ ሰጧት፦ የአንድ ቁጥር ካሬ ላይ የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ሲደመር 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? ከዚያ ባለ መስመር ወረቀት ላይ ካሬ አሳሏት። ጎኑ ያ የማይታወቀው ቁጥር ነው። 10ሩን ለሁለት ከፍላ፣ በሁለት ጎኖቹ ላይ ስፋታቸው 5 የሆኑ ሬክታንግሎች ለጠፈች። ጥጉ ላይ አንድ ቦታ ጎደለ። «ስንት ነው የጎደለው?» አሏት። 5 በ5፣ 25። 39 እና 25 ሲደመር 64። ስለዚህ ትልቁ ካሬ ጎኑ 8 ነው፣ 5ቱ ሲቀነስ ቁጥሩ 3። ልጄ ብድግ አለች! ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር (ካሬውን መሙላት) ማለት ይኼ መሆኑን ክፍል ውስጥ ማንም አሳይቷት አያውቅም። ጥያቄው ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት የሂሳብ ሊቁ አልኸዋሪዝሚ ባግዳድ ሆኖ በዚሁ ዓይነት ሥዕል የፈታው ነው ብለው ነገሯት። ቀጥለው ደግሞ ሥዕሉ የማያሳየውን ሁለተኛ መልስ፣ ኔጋቲቭ 13ን፣ ራሷ እንድትፈልግ ተዉላት።

ጂኦሜትሪ ላይ ጥብቅ ናቸው። ሥዕሉን ሆን ብለው አጣመው ነው የሚስሉት። «90 ዲግሪ ይመስላል» ቢሏቸው አይሰሙም፤ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ሰርክል ውስጥ ዲያሜትር ላይ የቆመ፣ ጫፉ የሰርክሉ ዙሪያ ላይ ያረፈ አንግል ለምን ሁልጊዜ 90 እንደሚሆን ልጄ ለእኔ አስረድታኛለች። ከመሃሉ ወደ አንግሉ ጫፍ አንድ መስመር ስትጨምሩ ሁለት ጎናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ትሪያንግሎች ይወጣሉ፣ የቀረው መደመር ነው። እኔ ሂሳብ ከተውኩ ስንት ዘመኔ፣ ግን ገባኝ።

ሌላው የወደድኩላቸው፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በዓረፍተ ነገር የተጻፈ የሂሳብ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ በአማርኛ እንድትነግራቸው ያደርጋሉ። ብዙ ልጆች የሚሸነፉት በሂሳቡ ሳይሆን በንባቡ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የቤት ሥራ አይሠሩላችሁም። ለፈተና አንድ ሳምንት ሲቀር የሚጠራ አስጠኚ ከፈለጋችሁም እሳቸው አይደሉም። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ መሠረቱ ካልያዘ አያልፉም። ክፍያቸው ከሰፈሩ ዋጋ ብዙም አይለይም። ውጤቷ ተሻሽሏል፣ ከዚያ በላይ ግን አሁን ደብተሯን ሳትጠየቅ ትከፍታለች።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ፌስቡክ ስለማይጠቀሙ ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የልጃችሁን ክፍልና የሚከብደውን ምዕራፍ አብራችሁ ላኩልኝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።