ማማረር ያስቆማል የተባለው ሐምራዊ አምባር፦ 5 ሳምንት አስሬው የታዘብኩት

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ከሻምፖውና ከቸኮሌቱ ጋር አንድ የጎማ አምባር ሰጠችኝ። ሐምራዊ ነው። "ይቺን እንኳን ላንቺ ብዬ ነው የገዛኋት" አለችኝና ሳቀች። ስልክ በደወለች ቁጥር ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ታክሲ ሰልፉና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሳማርርላት እንደምቆይ አላጣሁትም። ግን በስጦታ መልክ ሲነገር ትንሽ ያማል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ እጅ ላይ ይደረጋል። ካማረሩ፣ ሰው ከነቀፉ ወይም ካሙ ወደ ሌላው እጅ ይዛወርና ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። 21 ቀን በተከታታይ ሳይዛወር ከቆየ አለፉ ማለት ነው። በሆድ ያለ አይቆጠርም፣ ከአፍ የወጣ ብቻ። ሀሳቡን ያመጣው ዊል ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የሃይማኖት ሰባኪ ነው። በፈረንጆች 2006 ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ለምእመናኑ አደለው፣ በዓመቱ ኦፕራ ፕሮግራሟ ላይ አቀረበችው፣ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሯል።

ዕቃውን በዕቃነቱ ካየነው እንከን የለውም። ሊጥ ሳቦካ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ልጅ ሳጥብ አብሮኝ ነበር፤ አልላላም፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ብቻ ፀጉር ይነጫል። እኔን የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት 11 ጊዜ ነጭቶኛል።

አንድ ነገር ግን ፈረንጆቹ አላሰቡበትም። አግቦን። ባለቤቴ ጫማውን በር ላይ ጥሎ ሲገባ ድሮ በቀጥታ እጮህበት ነበር። አሁን ወደ ግድግዳው ዞሬ "ወይ ጫማ፣ እግር ቢኖርህ ኖሮ ራስህ ትገባ ነበር" እላለሁ። ይሄ ይቆጠራል? እኔ አይቆጠርም ብዬ ወሰንኩ፣ ያናገርኩት ግድግዳውን ነው። ሰላምታችንም ሌላ ችግር ነው። "እንዴት ነሽ?" ሲሉኝ እንደ ማንኛውም ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሴ፣ ትኩሳት ላይ ብሆንም። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ "ብቻ..." ይመጣል። ያቺ "ብቻ" ከመጣች በኋላ አፌን የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የድሮው ምጣዴ ተሰነጠቀና መርካቶ ሄጄ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። የመጀመሪያውን እንጀራ ስጋግር ግማሹ ዐይን አወጣ፣ ግማሹ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ቀረ። አንድ ጎኑ አይግልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያኔውኑ ሱቁ በር ላይ ነበርኩ። ያን ቀን ግን አምባሩ አንድ እጄ ላይ 6 ቀን ሆኖት ነበር፣ ከዚያ በፊት ከ2 ቀን አልፌ አላውቅም። ሪከርዴን አሳዘነኝ። ዝም አልኩ። በጎመን ዘር ደጋግሜ አሰስኩት፣ ሊጡን አቀጠንኩት፣ አብሲቱን ጨመርኩበት፣ ምጣዱን እየዞርኩ በአክምባሎው አፈንኩት። ባለቤቴ "እንጀራው ምን ሆነ?" ሲለኝ "ምንም" አልኩት። እየቆየ ልጆቹ የበሰለውን ጎን ብቻ መርጠው መብላት ለመዱ፣ እኔ የተረፈውን። አምባሩ ንቅንቅ አላለም። ጨጓራዬ ግን ተነሳ፣ ሌሊት እየነቃሁ ከባለ ሱቁ ጋር በሐሳብ ስከራከር አነጋለሁ። ከአፍ ካልወጣ አይቆጠርም አይደል?

በገዛሁት በ12ኛው ቀን ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጣች። እንጀራውን ገለጥ አድርጋ አየችና "አንቺ! ይሄማ ሽቦው ነው እኮ፣ ደረሰኝ የለሽም?" አለችኝ። ደረሰኝ ነበረኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል የነገረችኝም እሷ ናት፣ ልጇ ሕግ ተምሯል። እስቲ አስቡት። አምባሩ 21 ቀን ዝም በይ ይለኛል፣ አዋጁ የሚሰጠኝ 15 ቀን ነው። ጎበዝ ተማሪ ብሆን ኖሮ አምባሩን አልፌ ምጣዱን እከስር ነበር።

በማግስቱ ምጣዱን በታክሲ ጭኜ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተለጥፏል። ሻጩ "እናት፣ አጠቃቀሙ ላይ ይሆናል" አለኝ። አልጮህኩም። መቼ እንደገዛሁ፣ የቱ ጎን እንደማይግል፣ ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ሰካው፣ እጁን አስጠግቶ አየው፣ ሌላ አወጣልኝ። ከሻይ መጠጫ ሰዓት ያነሰ ነገር ነው። ያን ሌሊት እንደ ሬሳ ተኛሁ።

አምባሩን ላዛውር ወይስ አላዛውር? እውነት ለመናገር አምባሩን ያመጣው ቦወን ራሱ ለዚህ መልስ አለው። ነገሩን ማስተካከል ለሚችል ሰው የተነገረ እውነት ማማረር አይባልም ይላል። ጥሩ። ይሄን ግን ያወቅሁት ኋላ ፈልጌ ሳነብ ነው። እጄ ላይ የነበረው ጎማ ነውና አይናገርም፤ የማይናገር ዕቃ ደግሞ ሁሉንም ንግግር አንድ ያደርገዋል።

የኛ ቋንቋ እንኳን አንድ አላደረገውም። አቤቱታ አለ፣ "አቤት!" ብሎ የሚሰማ ሰው ፊት መቆም ነው። ስሞታ አለ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው። ቅሬታ አለ፣ ሆድ ውስጥ የቀረው። ከዚያ ደግሞ እሮሮ፣ መነጫነጭ፣ ማላዘን። ያላዝናል የምንለው ውሻን ነው፣ ሌሊት ማንም ሳይሰማው። አያቴ ወፍጮ ላይ ቁጭ ብላ የምታንጎራጉረውንም የት እንደምመድበው እንጃ። ግጥም ነበረው፣ ዜማ ነበረው፣ ዱቄቱ ሲያልቅ እሱም ያልቅ ነበር። ምናልባት ትልቁ ነገር ማለቁ ነው።

ተመራማሪዎቹም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ጄምስ ፔኔቤከር በፈረንጆች 1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለ4 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ የደረሰባቸውን ከባድ ነገር አጻፈ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ብራድ ቡሽማን ደግሞ በፈረንጆች 2002 ሰዎችን አናደደና ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረገ። "ይውጣልሽ" እንደምንለው መሆኑ ነው። አልወጣላቸውም፣ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ባሰባቸው።

እኔን የነካኝ ግን የአማንዳ ሮዝ ሥራ ነው። ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ የአምባሩ አገር። ጓደኛሞች አንድን ችግር ደጋግመው እያነሱ ሲብሰለሰሉበት ምን እንደሚሆን በልጆችና በወጣቶች ላይ አጠናች። በተለይ ሴቶቹ ጓደኝነታቸው ይጠብቃል፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸውም አብሮ ይጨምራል። የኛን ቡና ያየች ነው የመሰለኝ። አቦል ላይ ሰላምታ፣ ቶና ላይ የሰፈራችን የተደፈነ ቱቦ፣ በረካ ላይ እንደገና ቱቦው። ሦስት ወር ሙሉ። ፍቅራችን ጨመረ፣ ቱቦው እንደተደፈነ ነው፣ ራስ ምታታችን ግን አልተደፈነም። ሰሞኑን አንዷ ብድግ ብላ ማመልከቻ ጻፈችና ተፈራርመን አስገባን። መልስ ገና አልመጣም። ቡናው ላይ ግን ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀምረናል፣ ስለ ሰው ሠርግ ምናምን።

ስለ 21 ቀኑ ከጠየቃችሁኝ ብዙ አትመኑት። ቁጥሩ የሚመዘዘው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ይፈጅባቸዋል ብሎ በፈረንጆች 1960 ጻፈ፣ ሰው "ቢያንስ" የሚለውን ጣለው። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰው ላይ ሲለኩት አዲስ ልማድ ለመያዝ በአማካይ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። እኔ በ5 ሳምንት የደረስኩበት ትልቁ ቁጥር 18 ነው፣ እሱም በምጣዱ ዕዳ።

ታዲያ ይገዛ? ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። ስንት ጊዜ እንደማማርር አሳይቶኛል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን 11ዱ 9ኙ ለማንም የማይጠቅም፣ ለራሴም ትዝ የማይለኝ ነገር ነበር። አሁን አፌ ሊከፈት ሲል ይሄን የምነግረው ሰው ምን ሊያደርግልኝ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። ሁለቱን ኮከብ የነሳሁት ለ12 ቀን ጥሬ እንጀራ ነው። በባሕርዩ ዝም የሚል፣ ሁሉን "ምንም አይደል" የሚል ሰው ግን ባያስረው ይሻላል። እማዬ "ለኔም አስመጪልኝ" ስትል እምቢ ያልኳት ለዚህ ነው፤ እሷ ጥርሷን እያመማት ሁለት ሳምንት "ደህና ነኝ" ያለች ሴት ናት።

እህቴ ትናንት ደውላ "አምባሩስ?" አለችኝ። የአዲሱን ምጣድ ገመድ ጠቅልዬ አስሬበታለሁ። ለዚያ ሥራ 5 ኮከብ።